ተዳፋት ላይ ከፕላኑ በፊት ሴክሽኑን ሣሉ

ከእንጦጦ ሥር ወይም በየካ ተዳፋት ላይ ቤት የሚያሠራ ደንበኛ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው «መሬቱ ይደልደልልኝ» ብሎ ነው። አይፈረድበትም፤ ያየው ቤት ሁሉ ሜዳ ላይ የተሣለ ነው። ስካቫተሩ ከመጠራቱ በፊት ግን ሴክሽኑን አሳዩት።

ሰርቬየሩ ኮንቱሩን በየግማሽ ሜትሩ ያውጣ፤ የመንገዱንና የጎረቤቱን ግቢ ከፍታም ይጨምርበት። 20 ሜትር ርዝመት ያለው ቦታ ተዳፋቱ 15 በመቶ ከሆነ ከላይ እስከ ታች የ3 ሜትር ልዩነት አለው። አንድ ፎቅ ማለት ነው። ቤቱን ለሁለት ከፍላችሁ ወለሎቹን በ1.5 ሜትር ብታበላልጧቸው ዘጠኝ ደረጃ ያገናኛቸዋል፤ ቆረጣውም በእጅጉ ይቀንሳል። ግማሹ ቤት በተቆረጠ መሬት፣ ግማሹ በሙሌት ላይ እንዳያርፍ ግን ተጠንቀቁ፤ ሙሌቱ ሲሰምጥ ግድግዳው መሰንጠቁ አይቀርም። መሠረቱ በሙሉ ያልተነካ አፈር ድረስ ይውረድ። ደንበኛው «ገንዘቤ መሬት ውስጥ ቀረ» ማለቱን ቻሉት።

የድጋፍ ግንብ ቁመቱ በእጥፍ ሲያድግ የአፈሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከአንድ የ3 ሜትር ግንብ ይልቅ ሁለት የ1.5 ሜትር ግንቦችን እመርጣለሁ፤ የላይኛው በታችኛው ላይ እንዳይጫን ቢያንስ 3 ሜትር ይራራቁ። ከአፈሩ የከፋው ግን የክረምቱ ውሃ ነው። ከ3 ሜትር ግንብ ጀርባ እስከ አፉ የተጠራቀመ ውሃ ብቻውን እያንዳንዱን ሜትር ርዝመት በ4.5 ቶን ያህል ይገፋል። ጀርባውን በጠጠር ሙሉት፣ ከሥሩ የተበሳ ቱቦ ዘርጉ፣ ግንቡ ላይ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ተዉ። ለለሳኙም ንገሩት፤ ቀዳዳውን ለውበት ብሎ የሚደፍን አይጠፋም። ከቤቱ በላይ ደግሞ የዝናቡን ውሃ ጠልፎ ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ ያስፈልጋል።

ከእንጦጦ ሥር ያለ ቦታ ባብዛኛው ፊቱ ወደ ደቡብ፣ ወደ ከተማው ነው። ዕድል ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ብርዱ ሲበረታ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለችና በሳሎኑ መስታወት ትገባለች። በሰኔ ቀትር ከአናት አልፋ በትንሹ ወደ ሰሜን ስለምትል አጭር ክዳን ይበቃታል። ሰፊ መስታወት ወደ ምዕራብ ግን አታድርጉ፤ የከሰዓቷ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትገባ ክዳን አይመልሳትም።

የታችኛውን ወለል ከፍታ ከመወሰናችሁ በፊት የፍሳሽ መስመሩ የት እንዳለ ጠይቁ። መስመሩ ከመጸዳጃ ቤቱ በላይ ከሆነ ፓምፕ ያስፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፓምፑም ይቆማል። ቦታ ካለ ሴፕቲክ ታንኩን ከታች፣ ፍሳሽ የሚመጠው መኪና ሊደርስበት የሚችል ጥግ ላይ አስቀምጡት።