የቲሞችን መፈተን፦ ገንዘብ ከማስረከብ በፊት የሚሰጥ ትምህርት

 

የቲምን ስለ መንከባከብ ሲነሣ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን ምግቡ፣ ልብሱና የትምህርት ቤት ክፍያው ነው። እነዚህ በእርግጥ የማይዘለሉ ግዴታዎች ናቸው። ነገር ግን አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኒሳእ 6ኛ አንቀጽ ለአሳዳጊዎች ሌላም ሥራ ሰጥቷል፤ እርሱም የቲሞችን መፈተን ነው። ለጋብቻ ዕድሜ እስኪደርሱ ድረስ እንድንፈትናቸው፣ ብስለትን ካየንባቸውም ገንዘባቸውን እንድናስረክባቸው አዝዟል። ከዚህ በፊት ባለው አንቀጽ ደግሞ ገንዘብ የኑሮ መቆሚያ መሆኑን ገልጾ፣ ማስተዳደር ለማይችል ሰው እንዳንሰጥ፣ ይልቁንም ከእርሱ እያበላንና እያለበስን መልካም ንግግር እንድንናገረው ያስተምረናል።

እንግዲህ ለርክክቡ ሁለት መስፈርቶች ተቀምጠዋል፤ ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን መድረስ (ቡሉግ) እና ገንዘብን በአግባቡ የመያዝ ብስለት (ሩሽድ)። የመጀመሪያው ጊዜውን ጠብቆ በራሱ ይመጣል፤ ሁለተኛው ግን ያለ ልምምድ አይገኝም። በአገራችን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ያልሞላውን ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ይለዋል፤ ለየቲሞች የሚሰጥ ወርሃዊ ድጋፍም ብዙውን ጊዜ በዚሁ ዕድሜ አካባቢ ይቋረጣል። እስከዚያ ቀን ድረስ መቶ ብር እንኳ በእጁ ይዞ ያላብቃቃ ልጅ በማግሥቱ የቤት ኪራይ፣ የትራንስፖርትና የቀለብ ወጪ በአንድ ጊዜ ይጠብቀዋል።

ታዲያ ፈተናው ምን ይመስላል? በ676 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ኢማም አን-ነወዊ በአገራችን ደረሳዎች ዘንድ በሚታወቀው «ሚንሃጅ» በተሰኘው ኪታባቸው ፈተናው እንደ ልጁ ሁኔታ እንደሚለያይ አስፍረዋል። የነጋዴ ልጅ በመግዛት፣ በመሸጥና ዋጋ በመከራከር ይፈተናል። የገበሬ ልጅ በእርሻና ለሠራተኞች በሚወጣው ወጪ፣ ባለሙያም በሙያው ይፈተናል። ሴት ልጅ ደግሞ በጥጥና በፈትል፣ እንዲሁም የቤቱን ምግብ ከድመት በመጠበቅ ትፈተናለች። ድመቷ በፊቅህ ኪታብ ውስጥ መግባቷ ደረሳዎችን ፈገግ ያሰኛል፤ ነገር ግን ጤፉና ዘይቱ ለወሩ እንዲበቃ አድርጎ መያዝ ከሱቅ ሒሳብ የማይተናነስ ሥራ መሆኑን ቤት ያስተዳደረ ሁሉ ያውቀዋል። በእኛ ዘመን ይህ ለሴት ልጅ ብቻ የሚተው አይደለም፤ ሴት ልጅም ከገበያው ሒሳብ ልትገለል አይገባም። ፈተናው ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ መደጋገም እንዳለበት፣ ጊዜውም ከቡሉግ በፊት መሆኑን ኪታቡ ይገልጻል።

በሻፊዒይ መዝሀብ ልጁ ዋጋ ይከራከራል፤ ውሉን የሚፈጽመው ግን አሳዳጊው ነው። በሐነፊይ መዝሀብ አሳዳጊው ነገር ለሚለይ ልጅ እንዲነግድ ሊፈቅድለት ይችላል። ለልምምድ የተሰጠው ገንዘብ በልጁ እጅ ቢጠፋስ? የሻፊዒይ ዑለማዎች አሳዳጊው አይተካውም ይላሉ፤ እንዲሰጠው ታዟልና። ይህን ፍርድ በተለይ እናቶች እንዲያውቁት እንወዳለን። የየቲምን ገንዘብ አለአግባብ በሚበላ ሰው ላይ የመጣው ዛቻ ከባድ ስለሆነ ብዙዎቹ ገንዘቡን ከልጁ ዓይን ጭምር ይሸሽጉታል። ፍርሃታቸው የአላህ ፍራቻ ነው፤ እናከብረዋለን። ሆኖም ለልምምድ የሚሰጠው መጠነኛ ገንዘብ ከአማናው ጋር አይጋጭም።

አንድ ነገር ለይተን እንናገር። እነዚህ ድንጋጌዎች በቀጥታ የሚመለከቱት የቲሙ የወረሰውን ወይም በስሙ ያለውን ሀብት ነው። ለጋሾች በየወሩ የሚሰጡት ድጋፍ ለተሰጠበት ወጪ ይውላል። ትምህርቱ ግን በሁለቱም ሊሰጥ ይችላል።

ሰባት ስምንት ዓመት የሆነውን ልጅ ወደ ሱቅ ልከን መልሱን ቆጥሮ እንዲያመጣ ማድረግ በቂ ጅማሮ ነው። ሁለት ብር ጎድሎ ቢመጣ አብረነው እንቁጠር እንጂ አንምታው። በዒድ ቀን የሚያገኘውን ገንዘብ ከፊሉን እንዲያወጣ፣ ከፊሉን እንዲያስቀምጥ፣ ጥቂቱንም በገዛ እጁ ሶደቃ እንዲሰጥ እናድርግ። የመጨረሻውን አጥብቀን እንመክራለን፤ ሁልጊዜ ተቀባይ ሆኖ ያደገ ልጅ ሰጪ የመሆንን ክብር ሳይቀምሰው ሊቀር ይችላልና።

አሥራ ሦስት አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው የድጋፉ መጠን ይነገረው። በዚህ ላይ የሚቃወሙን አሳዳጊዎች አሉ፤ ልጁ ይኩራራል፣ ወይም ይጠይቀናል ብለው ይሰጋሉ። መጠየቁ ግን የብስለቱ ምልክት ነው። ትምህርት ሊከፈት ሲል የደብተርና የእስክሪብቶ ገንዘቡን ይያዝ፤ ዋጋ ይጠይቅ፤ የገዛውን በደብተር ይጻፍ። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ የዕዳ ውልን ስለ መጻፍ የወረደ መሆኑን እግረ መንገዳችንን እናስተምረው። ገንዘብ ከስልክ ወደ ስልክ በሚያልፍበት በዛሬው ጊዜ መጻፉ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ በእጅ ያልተዳሰሰ ገንዘብ ሲጎድል አይታይም። የቲም ሆነው ያደጉት ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለመካ ሰዎች በቂራጥ ዋጋ በግ ይጠብቁ እንደነበር በቡኻሪ ተዘግቧል። ስለዚህ በክረምት ዕረፍት ትምህርቱን በማይጎዳ ሥራ ጥቂት ገንዘብ ማግኘት ለልጁ ውርደት አይደለም።

ወጣቱ የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል ዱቤን፣ ወለድንና በስልክ የሚመጣውን የውርርድ ቁማር የሚያውቅ መሆን አለበት። ቁጠባን በተመለከተ ዕቁብ መልካም ትምህርት ቤት ነው። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ በአገራችን በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሥራ ሲጀምር ተገኝቷል፤ ወጣቱ ሒሳብ ሲከፍት ይህን መንገድ እናሳየው።

ለአካለ መጠን ደርሶ ብስለት ያልታየበትስ? አብዛኞቹ ዑለማዎች ዕድሜው ምንም ያህል ቢገፋ ገንዘቡ አይሰጠውም ሲሉ፣ ኢማም አቡ ሐኒፋ 25 ዓመት ሲሞላው ይሰጠዋል ብለዋል። በሁለቱም አቋም ቢሆን ገና ሕፃን ሳለ ያልተጀመረ ልምምድ ወጣቱን ለዓመታት በሌላ ሰው እጅ ያቆየዋል።

ለጋሾችንም አንድ ነገር እንለምናለን። ለዒድ የምትልኩትን ሁሉ ለልብስ ብላችሁ አትወስኑት፤ ልጁ ራሱ የሚመርጥበት ጥቂት ነገር ተዉለት።

አላህ (ሱ.ወ) በዚያው የሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ ባለጸጋ አሳዳጊ ከየቲሙ ገንዘብ እንዲቆጠብ፣ ድሃው በአግባቡ እንዲጠቀም፣ በርክክቡም ጊዜ ምስክር እንዲቆም አዝዟል። ስለዚህ ቀኑ ሲደርስ እናት ወይም አጎት፣ የመስጂዱ ኢማምና ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ይቀመጡ። የገባውና የወጣው፣ አሳዳጊው ለድካሙ የወሰደውም ካለ፣ ከደብተሩ ይነበብ። ወጣቱ ያልገባውን ይጠይቅ፤ ከዚያም ሁሉም ይፈርሙ። ደብተሩን እርሱ ይውሰደው፤ ቅጂው አሳዳጊው ዘንድ ይቀመጥ።

ወላሁ አዕለም።