ሊያስተምር የሄደ አስቀድሞ ይማር



ክረምት ለተማሪ የዕረፍት ጊዜ ነው። ፈተና ያልቃል፤ ደብተር ይከደናል፤ ሁሉም ወደየቤተሰቡ ይሄዳል። ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች መካከል ግን ከዚህ ጊዜ ከፍለው ወደ ሩቅ ገጠር ለአገልግሎት የሚወጡ አሉ። በዚህች አነስተኛ ጽሑፍ የምንመለከተው ወደ ሚዛን ተፈሪ፣ ወደ ቴፒና በዙሪያቸው ወዳለው የቡና አገር የሚደረገውን የክረምት ጉዞ ነው። ጥያቄያችንም አንድ ነው፤ ይኸውም እንዲህ ያለው አገልግሎት የአገሩን ሰው በእውነት የሚጠቅመው እንዴት ሲሆን ነው? የሚል ነው።

የአገሩ ጠባይ

ሚዛን ተፈሪ ዛሬ ከአማን ጋር ተጣምራ ሚዛን አማን ትባላለች። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማና በቦንጋ በኩል ወደ እርሷ የሚሄድ ሰው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ቴፒ ደግሞ ከዚያ በስተሰሜን ምዕራብ በሸካ ዞን ትገኛለች። አካባቢው ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ነው። ቡና በዱር የሚበቅልበት አገር በመሆኑ የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም.፣ የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ገብተዋል።

ዝናቡ ከመጋቢት አንሥቶ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በሐምሌና በነሐሴ ከዋናው መንገድ ወደ ቀበሌ የሚገባ ሰው በእግሩ መሄድ አለበት። ጫማው በጭቃ ይያዛል፤ ወንዙ እስኪጎድል ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። በረጅም ዛፍ ላይ የተሰቀለውን የንብ ቀፎ፣ ከጥላ ሥር የበቀለውን ኮረሪማ እያየም ይደነቃል። ወጣትነት እንዲህ ያለውን ድካም ይወዳል፤ ነውርም የለበትም። ይሁን እንጂ ለእኛ የክረምት ጀብዱ የሆነው ጭቃ ለአገሩ እናት ውኃ የምትቀዳበት፣ የታመመ ልጇን ተሸክማ ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄድበት መንገድ ነው። መንገዱን መቻላችን ብቻ አገልግሎት ተብሎ ሊቈጠር አይገባውም።

ከእኛ በፊት የሄዱ

ተማሪ ወደ ገጠር ሲዘምት እኛ የመጀመሪያዎች አይደለንም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር፤ የሚበዙትም በመምህርነት ነበር። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ተሰማሩ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ በ15 ቋንቋዎች እስከ ማስተማር ደረሰ። ከእነዚህም አንዱ የከፋና የሞቻ ቋንቋ ነበር፤ ቤንችኛ ግን አልነበረበትም። ስለዚህ በሚዛን ዙሪያ ያለ የቤንች ገበሬ ፊደል የሚቈጥረው ባልተወለደበት ቋንቋ ነበር። ከዚህ ታሪክ በመነሣት ሦስት ነገሮችን እናስተውል።

ሀ/ ቋንቋውን መማር

በቤንችኛ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ አምስት ደረጃ አለው። አንድ ቃል በድምፅ አወጣጡ ብቻ ትርጉሙን ሊለውጥ ይችላል። ሰዎች በሩቅ ሆነው በፉጨት ሳይቀር ይነጋገሩበታል። እንዲህ ያለውን ቋንቋ በአንድ ክረምት እንችለዋለን ማለት ከንቱ ነው፤ ሰላምታውንና የልጆቹን ስም አጥርቶ መጥራት ግን ይቻላል።

የከፋ መንግሥት በአፄ ምኒልክ ጦር ከተያዘ በኋላ፣ በዚያ አገር አማርኛ ለረጅም ዘመን የሹምና የባለ ርስት ቋንቋ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ ከከተማ የመጣ ወጣት በአማርኛ ሲያስተምር ሰምተው ራሳቸውን ቢነቀንቁ፣ ትምህርቱ ገባቸው ብሎ መደምደም አይቻልም። እሺ ማለት ሁልጊዜ ገባኝ ማለት አይደለም።

በቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ዘጠኙ ቅዱሳን ከሩቅ አገር መጥተው የአገሩን ቋንቋ ተምረው፣ ቅዱሳት መጻሕፍትን ወደ ግእዝ እንደ መለሱ እንማራለን። ሕዝቡ የእነርሱን ቋንቋ እስኪያውቅ ድረስ አልጠበቁም። እኛም የዚያ ድካም ተጠቃሚዎች ነንና ለቤንች፣ ለሸኮ፣ ለሸካና ለመዠንግር ልጅ ይህን ልንነፍገው አይገባም።

ለ/ ሸክም አለመሆን

በክረምት ቡናው ገና አረንጓዴ ነው። ገንዘብ የሚገኘው ፍሬው ቀልቶ ሲለቀም ስለሆነ፣ ሐምሌና ነሐሴ በብዙ ቤት እጅ የሚያጥርበት ወቅት ነው። የአገሩ ሰው ግን እንግዳ አክባሪ ነው፤ ከእንሰቱም ከጎደሬውም ያለውን ያቀርባል፤ የቡና ቅጠል በቅመም አፍልቶ ያጠጣል። አሥር ወጣቶች በአንድ አባወራ ቤት ሁለት ሳምንት ቢቀመጡ የሚያልቀው የልጆቹ ቀለብ ነው። ስለዚህ ስንቅን ይዞ መሄድ፣ ጠዋት ከቡናው ሥር አረም መመንጠር፣ ለአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ድንጋይና እንጨት መሸከም፣ ከሰዓት በኋላ ልጆችን ማስጠናት ይገባል። አብሮ የሠራ ሰው የሚናገረው ይደመጣል። የፍልሰታ ጾምም በዚሁ ወቅት ስለሚውል ከሕዝቡ ጋር አብሮ ለመጾምና ለማስቀደስ ያመቻል።

ሐ/ የሚቀረውን ሰው ማዘጋጀት

መስከረም ሲጠባ እኛ እንመለሳለን። ቀጥሎ የቡና ለቀማ ይደርሳል፤ ልጆችም ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ለቀማ ይወጣሉ። የጀመርነው ትምህርት በዚያን ጊዜ ማን ይይዘዋል? መልሱ ከመሄዳችን በፊት ካልታሰበበት፣ በየዓመቱ ከሀ መጀመር ይሆናል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ከእያንዳንዱ እንግዳ መምህር ጋር አንድ የአገሩ ወጣት ተመድቦ አብሮ ያስተምር፤ በመጨረሻው ሳምንት ወጣቱ በቋንቋው ዋናውን ትምህርት ይስጥ፤ እንግዳው ይቀመጥና ያዳምጥ። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ በአካባቢው በመኖሩ፣ ዓመቱን ሙሉ ቅርብ የሆኑ ተማሪዎችም ይህን ወጣት ሊደግፉት ይችላሉ። ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ ዲያቆን ወይም አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ከአጥቢያው ቢወጣ የክረምቱ ድካም ፍሬ አፍርቷል።

እንግዲህ ወገኖቻችን፣ በመጪው ክረምት ሻንጣችንን ስናዘጋጅ ከጃንጥላውና ከቦት ጫማው ጋር አንድ ባዶ ደብተር እንያዝ። የምናስተምረውን የምንጽፍበት ሌላ አለን፤ ይህኛው ከአገሩ ሰው የምንማረውን የምንጽፍበት ይሁን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን አካባቢ ትምህርት በራሱ ቋንቋ የማይደርሰው ማን ነው?
2. እንግዳ አገልጋይ ለአስተናጋጁ ሸክም እንዳይሆን ከመነሣቱ በፊት ምን ማዘጋጀት አለበት?
3. ያለፈው ክረምት አገልግሎታችን ዛሬ በማን እጅ ይገኛል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።