ማንም የሌለው ስም ፍለጋ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ስለ ስም ነው። ብዙዎቻችሁ ገና ባታገቡም፣ የወደፊት ልጃችሁን ስም ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ያስቀመጣችሁ አትጠፉም። መስፈርቱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ "ማንም የሌለው ይሁን!"

ያልተለመደ ስም መፈለግ በራሱ ነውር የለበትም። አላህ (ሱ.ወ) ነቢዩ ዘከሪያን (ዐ.ሰ) በልጅ ሲያበስራቸው ስሙን ራሱ መረጠለት፤ የሕያ። ከዚያ በፊት በዚህ ስም የተጠራ እንዳልነበረ በሱረቱ መርየም ነግሮናል። ስሙ አዲስ ነበር፤ ትርጉሙ ደግሞ ከሕይወት ጋር የተያያዘ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ድምፁን ወደን ትርጉሙን ሳንጠይቅ ስንቀር ነው። አንዳንድ ወላጅ ቁርኣን ይከፍትና ለጆሮው የጣመውን ቃል ለልጁ ይሰጣል። ቁርኣን ውስጥ ያለ ቃል ሁሉ ግን የሰው ስም አይሆንም። "ዐለይና" ለሴት ልጅ የሚያምር ይመስላል፤ ትርጉሙ "በእኛ ላይ" ነው። "ሰቀር" አጭርና ለአፍ ቀላል ነው፤ ግን ከጀሀነም ስሞች አንዱ ነው። ልጁ አድጎ ዐረብኛ ሲማር ምን ይሰማዋል?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጥፎ ትርጉም ያለውን ስም ይቀይሩ ነበር። የዑመር (ረ.ዐ) ልጅ ስሟ "ዓሲያ" ነበር፤ አመጸኛ ማለት ነው። "ጀሚላ" አሏት፤ ውብ ማለት ነው። (አሲያ የምትባይ እህቴ፣ አትደንግጪ! የፊርዐውን ሚስት የነበረችው የደጓ አሲያ ስም በዐረብኛ በሌላ ፊደል የሚጻፍ፣ ሌላ ቃል ነው። በአማርኛ ስንጠራው ብቻ ይመሳሰላል።)

ሌላም ታሪክ አለ። ሐዝን የሚባል ሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጣ። ሐዝን ማለት ሸካራ፣ አስቸጋሪ መሬት ነው። "ሰህል" ብለው፣ ማለትም ገር በሚል ስም ሊቀይሩለት ፈለጉ። እሱ ግን አባቴ ያወጣልኝን ስም አልቀይርም አለ። የልጅ ልጁ፣ ታላቁ የመዲና ዓሊም ሰዒድ ኢብኑል ሙሰየብ፣ ያ ሸካራነት ከዚያ በኋላ ከቤተሰባችን አልወጣም ይሉ ነበር። ታሪኩ በቡኻሪ የተዘገበ ነው።

እንግዲህ ስም ስትመርጡ እነዚህን አስቡ፦

አንደኛ፦ ትርጉሙን ዐረብኛ የሚያውቅ ዑስታዝ ጠይቁ። የስልክ ዝርዝር ብቻ አይበቃም።

ሁለተኛ፦ ሰፈር ውስጥ እንዴት እንደሚያጠር አስቡ። ዐብዱረሕማን ብላችሁ አውጥታችሁ "ረሕማን" እያላችሁ አትጥሩት፤ አር-ረሕማን የአላህ ብቻ ስም ነው።

ሦስተኛ፦ በሀገራችን የአባት ስም ይከተላል። ዛሬ ለወንድ ልጅህ የምታወጣውን ስም ነገ የልጅ ልጆችህ በመታወቂያቸው ላይ ይዘውት ይዞራሉ።

አራተኛ፦ ብርቅ ካላገኛችሁ አትዘኑ። አላህ ዘንድ እጅግ ተወዳጅ ተብለው በሐዲስ የተነገሩት ስሞች ዐብዱላህና ዐብዱረሕማን ናቸው፤ በየሰፈሩ የምንሰማቸው። ልጅን ልዩ የሚያደርገው ተርቢያው ነው።

የራስህ ስም ትርጉሙ መጥፎ ሆኖ ካገኘኸው ደግሞ መቀየር ይቻላል። ዓሲያ ጀሚላ የተባለችው ስሙን ይዛ ከኖረች በኋላ ነው። ብቻ ወላጆችህን በአደብ አስረዳቸው፤ ስሙን ሲያወጡልህ ክፉ አስበው አልነበረም።

ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ እናትህንና አባትህን ጠይቃቸው፦ "ስሜን ማን አወጣልኝ? ለምን?" ምናልባት ስምህ ውስጥ እስከ ዛሬ ያልሰማኸው ዱዓ ይኖር ይሆናል። አንተም በተራህ ለእነሱ ዱዓ አድርግ።

አላህ ስማችንን ያሳምርልን፤ ሥራችንንም እንደ ስማችን ያድርግልን። አሚን!

ጁሙዓ ሙባረክ!