የአሮጌ ቮልስዋገን ባትሪ የሚደክምበት ምክንያት

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ የተሠራ ቮልስዋገን በጧት አልነሣ ሲል፥ ብዙ ባለመኪና አዲስ ባትሪ ለመግዛት ይቸኩላል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ባትሪውን ከሚመግበው ዲናሞ፥ ከሬጉሌተሩ ወይም ከሽቦው ነው። ይህ ሳይታይ የተገዛው ባትሪ በጥቂት ቀን እንደ አሮጌው ይደክማል፤ ገንዘቡም በከንቱ ይጠፋል።

ምርመራው የሚጀመረው ከቀዩ መብራት ነው። ቁልፉ ሲዞር መብራት፥ ሞተሩ ተነሥቶ ነዳጅ ሲሰጠው ደግሞ መጥፋት ይገባዋል። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላልና ነጂው ያለ ማስጠንቀቂያ ይጓዛል። በመንገድ ላይ ድንገት ቢበራ ግን ወዲያው መቆም ግዴታ ነው። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጊያ የሞተሩን ማቀዝቀዣ ማራገቢያም ያዞራል፤ እርሱ ተበጥሶ ሳለ «ከተማ እስክደርስ» ብሎ የነዳ ሰው ሞተሩን አቃጥሎ ይደርሳል፥ ከደረሰ።

ቺንጊያው ካለ፥ በአውራ ጣት ሲጫኑት 1 ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ብቻ ይርገብ። የባትሪው ምሰሶዎችና የማሳው ሽቦ ከዝገት ይጽዱ። ከዚያ በቮልት መለኪያ ይታይ፤ ያረፈ ሙሉ ባትሪ 6.3 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር 7 ቮልት ካልደረሰ ባትሪው ምግብ አያገኝም። ባለሙያው አስቀድሞ የዲናሞውን ካርቦኖች ይመልከት፤ አልቀው ከሆነ መለወጣቸው ብዙ ወጪ የለውም። እነርሱ ደኅና ከሆኑ ሬጉሌተሩ ይጠረጠራል።

ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነውና፥ የመቀመጫው ሞላ ምሰሶውን ነክቶ እሳት እንዳያስነሣ መሸፈኛው በቦታው ሳይመለስ መቀመጫው አይመለስ።