የአባላዘር ሕመምተኛና ኤድስ

በዚህ ትምህርታዊ ጽሑፍ የኤድስን መተላለፊያ መንገዶች አንዘረዝርም፤ እሱንማ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሸምድደነዋል። የምንነጋገረው ጨብጥ፣ ቂጥኝ ወይም ከርክር ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ ስለሚመጣ ሰው ነው። ይህ ሰው ስለ ኤድስ የሚያውቀው ነገር ራሱን የሚመለከት ይመስለዋል ወይ?

በአገራችን ቫይረሱ መኖሩ የታወቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞች የታወቁት በ1986 ነው። ዛሬ ስሙን ያልሰማ ሰው ማግኘት ያዳግታል። ነገር ግን መስማት ሌላ፣ ለራስ ማሰብ ሌላ። ጨብጥ ከየት እንደያዘው ሲጠየቅ "ትኩስ ድንጋይ ላይ ሸንቼ ነው" የሚል ሰው አሁንም አልጠፋም። ይህን ድንቁርና ብቻ ነው ብለን አናልፈውም፤ የሐፍረት መሸሸጊያም ነው። በድንጋዩ ያሳበበ ሰው ታዲያ የኤች አይ ቪ ምርመራ ምን አገባኝ ቢል ምን ይገርማል?

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የአባላዘር በሽታዎችና ኤች አይ ቪ የሚመጡት በአንድ መንገድ ነው። ከዚህም በላይ ቂጥኝና ከርክር የሚያወጡት ቁስል ለቫይረሱ የተከፈተ በር ነው። ጨብጥም ቢሆን ቁስል ባያወጣ የመያዝን ዕድል ይጨምራል። ችግሩ ሕመምተኛው ሰውነቱ እስኪነግረው መጠበቅን መልመዱ ነው። ጨብጥ ወንድን በጥቂት ቀናት ውስጥ ያቃጥለዋል፤ ማቃጠሉ ሲተወው "ድኛለሁ" ይላል። ኤች አይ ቪ ግን ለዓመታት ዝም ይላል። በሴቶች ላይማ ጨብጡ ራሱ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም። ባል ታክሞ ሚስት ሳትታከም ትቀራለች፤ እሱም መልሶ ይያዛል።

አመለካከትስ እንዴት ይለካል? ይህ ለእኛ ለእጩ መምህራን ደኅና ትምህርት አለው። "ኤድስ በመጨባበጥ ይተላለፋል?" ብንል "አይተላለፍም" የሚል መልስ እናገኛለን፤ አሥር ከአሥር! "ቫይረሱ ካለበት ባለሱቅ አትክልት ትገዛለህ?" ስንል ግን ማመንታት ይመጣል። ይህ ጥያቄ በጥናት መጠይቆች ውስጥ የሚገባው ለዚሁ ነው። የፊተኛው ዕውቀትን፣ የኋለኛው አመለካከትን ያወጣል። ከባለሱቁ የሚሸሸው ሰው ራሱ ታሞ ሲመጣ "ምርመራው ይቅርብኝ፣ ሰው ምን ይለኛል" ይላል። እሱ ሌላውን እንዴት እንደሚያይ ያውቀዋላ!

ፍርሃቱ ግን ካለፈው ዘመን የተረፈ ነው። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ጀምሯል። መድኃኒቱን በትክክል እየወሰደ ቫይረሱ በደም ምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም። ምርመራውም ከጣት በምትወሰድ ጠብታ ደም ነው፤ ውጤቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል። በቅርቡ የተጋለጠ ሰው ግን ዛሬ ነፃ ቢባልም ከ3 ወር በኋላ መድገም አለበት። መመርመሪያው የሚፈልገው ሰውነት ቫይረሱን ለመቋቋም የሚያመርተውን ነገር ስለሆነ፣ ያ እስኪበዛ ጊዜ ይወስዳል። ሐፍረት ይዞት ጤና ጣቢያውን አልፎ ከመድኃኒት ቤት ክኒን ገዝቶ የሚውጥ ሰው ይህን የሚነግረው የለም፤ ደሙንም የሚያይለት የለም።