ታማሚው አስታማሚ



በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ትምህርት ከመጽሐፍ ብቻ የተገኘ አይደለም። ወላጅ እናታችን በስተርጅና በድንገት ታመው ሐኪም ቤት በገቡ ጊዜ፣ እኛም በየዕለቱ ኢንሱሊን የምንወጋ የስኳር ሕመምተኛ ነበርን፤ ዛሬም ነን።

እኅታችን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደውላ «አባ፣ የእማዬ አፏ ተጣመመ፤ ቀኝ እጇም አልታዘዝ አላት» አለችን። የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መስነፍ፣ የአንደበት መተሳሰር ስትሮክ ለሚባለው የአንጎል ሕመም ምልክቶች ናቸው። ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ይዞ ወደ ሐኪም መሮጥ ያስፈልጋል፤ ጉሮሮ መዋጥ ሊሳነው ስለሚችል ውኃም ቢሆን አይሰጥም። እኅታችን ይህን ሁሉ በሚገባ ፈጸመች። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ቅዱሱን ዘይትና የጸሎት መጽሐፋችንን አንሥተን ስንወጣ መድኃኒታችንን ከማቀዝቀዣው ውስጥ ትተነው ሄድን።

ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት የታዘዘ መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ ስንዞር፣ ሌሊቱን በካርቶን ላይ ጋደም ስንል፣ ስለ ራሳችን ለማንም አልተናገርንም። እናቱ በሞትና በሕይወት መካከል ሳለች የራሱን ሕመም የሚያወራ ልጅ ነውረኛ መሰለን። በሦስተኛው ቀን ጥማቱ፣ ትውከቱና የትንፋሹ መፍጠን በረቱብንና ከመተላለፊያው ላይ ወደቅን። ከዚያ በኋላ እኅታችን የሁለት ሰው አስታማሚ ሆነች።

የሆነው ነገር ቀላል አልነበረም። ኢንሱሊን ሲቋረጥ ሰውነት ስኳሩን ሊጠቀምበት ስለማይችል ስብን ማቃጠል ይጀምራል፤ በዚህም አሲድ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ፈጥኖ ካልታከመም ይገድላል። ጭንቀትም ለብቻው ስኳርን ከፍ ያደርጋል። በአንጻሩ መድኃኒቱን ወግቶ ምግብ የሚረሳ አስታማሚ ስኳሩ ይወርድበታል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ነገር ይምታታበታል። እንዲህ ያለውን ሰው ሳይስት ስኳር ወይም ለስላሳ መጠጥ ማቅመስ ይገባል፤ ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳያደርጉ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው።

አልጋ ላይ ሆነን ራሳችንን የጠየቅነው ይህን ነበር፦ ያደረግነው አራተኛውን ትእዛዝ መፈጸም ነበርን? አባትና እናትን ማክበር በቤተ ክርስቲያናችን አቈጣጠር አራተኛው ነው። ይሁን እንጂ ወዲያው የሚከተለው አምስተኛው የገዛ ሕይወታችንንም ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2288 ጤና ከእግዚአብሔር የተሰጠን አደራ መሆኑን ያስተምራል፤ በቁጥር 2218 ደግሞ ልጆች ያረጁና የታመሙ ወላጆቻቸውን እንዲረዱ ሲያዝ ግዴታውን በሚችሉት መጠን ይወስነዋል። ስንት ጊዜ ይህን ቁጥር ለሌሎች አስተማርን! ገደቡን ግን ለራሳችን አላነበብነውም።

አንድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር «አባ፣ ይህ ለሰነፍ ልጅ በር አይከፍትምን?» ብሎ ጠይቆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ቁርባንን ምክንያት አድርገው ወላጆቻቸውን ከመርዳት የሚያመልጡትን ገሥጾአል። ነገር ግን በዚያ የተነቀፈው ያለውን የሚደብቅ ሰው ነው፤ የሌለውን ጉልበት መስጠት ያቃተው አይደለም። ልዩነቱንም በሥራ መለየት ይቻላል፤ ሰበብ ፈላጊው ይጠፋል፣ የደከመው ግን ተተኪ ይፈልጋል። በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ኤልያስ ደክሞት ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ ነቢዩም በልቶ ተኛ፤ እንደገናም ተቀስቅሶ በላ። ወደ ኮሬብ የተጓዘው ከዚያ በኋላ ነው።

መምህራን ሆይ፣ በሽተኛ ልትጠይቁ ስትሄዱ አልጋው አጠገብ ለተቀመጠውም «በላህ ወይ? መድኃኒትህንስ ወሰድክ?» በሉት። ተራ አውጥታችሁ ቢያንስ አንድ ሌሊት ቤቱ ሄዶ ይተኛ። ዕድሮቻችን ለቀብር ድንኳን ለመትከል እጅግ ፈጣኖች ናቸው፤ ለአስታማሚ ተረኛ መላክ ግን ገና አልለመዱም። ከሐኪም ቤት ሳይወጡ እሑድ ላለፈባቸውም ሕሊናቸው እንዳይታወክ ንገሩአቸው፤ ከባድ ምክንያት ያለው ሰው ከቅዳሴ ግዴታ ነፃ ነው። በላቲን ሥርዐት ሕገ ቀኖና ቁጥር 919 ደግሞ አረጋውያንና ሕሙማን ብቻ ሳይሆኑ አስታማሚዎቻቸውም ከቅዱስ ቁርባን በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ምግብ ቢቀምሱ እንኳ መቀበል እንደሚችሉ ይፈቅዳል። ሕጉ አስታማሚውን ከሕሙማኑ ጋር አንድ ላይ መቍጠሩን ልብ በሉ።

በአራተኛው ቀን አንድ ወንድማችን ካህን መጥተው ምሥጢረ ቀንዲልን ለእናታችን ሰጡ። ቀጥለውም ወደ እኛ ዘወር አሉ። ስንቱን ሕመምተኛ ቀብተን እኛ መቀባቱ አሳፈረንና «እኔ ደኅና ነኝ» ልንል ቃጣን። እናታችን ገና በሚኰላተፍ አንደበታቸው «ልጄ፣ እጅህን ዘርጋ» አሉን። ዘረጋን።