አካልን በመጠን ስለ ማጠንከር

መሬት ሳይታረስ ሲሰነብት እንደሚጠጥር ሁሉ፥ ሰውነትም ሥራ ሲያጣ ይደነዝዛል። ቀኑን ሁሉ ለሚያርስ ገበሬ ይህን ማስተማር አያሻም፤ ተቀምጦ ለሚጽፍና ተቀምጦ ለሚያስተምር ግን እጅግ ያስፈልገዋል።

እኔ በጸሐፊነት ሥራ ብዙ ዘመን ተቀምጬ ኖርሁ። ዕድሜዬ ከ40 ሲያልፍ ዳገት መውጣት ትንፋሼን ያሳጥረው ጀመር፤ ልጆቼም ገና ሕፃናት ነበሩና ሳላሳድጋቸው ጉልበት እንዳይከዳኝ ሠጋሁ። ሐኪም ከመረመረኝ በኋላ «ደዌ የለብዎም፤ ነገር ግን ዘወትር ይራመዱ» ብሎ መከረኝ።

መጀመሪያ በቀን 10 ደቂቃ ብቻ ተራመድሁ፤ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እየጨመርሁ 30 ደቂቃ አደረስሁት፤ በሳምንትም 5 ቀን አጸናሁት። በመጀመሪያው ወር ነገሩ ኮሶ እንደ መጠጣት ነበረ እንጂ ደስታ አልነበረበትም። በሦስተኛው ወር ግን ዳገቱ ቀለለኝ፥ እንቅልፌም ጣፈጠኝ። ከጎረቤቴ ጋራ እየተጫወትን መሄድ ከጀመርን ወዲህ መንገዱ ያጥርብናል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ልብ ጡንቻ ነውና ሲሠራ ይበረታል። የበረታ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም ይገፋል፤ ስለዚህ በዕረፍት ጊዜ የምቱ ቁጥር ይቀንሳል። ይህንንም ጣትን በእጅ አንጓ ላይ አኑሮ መቁጠር ይቻላል፤ ያረፈ ትልቅ ሰው ልቡ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል።

የዓለም የጤና ድርጅት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 ዓመት ባወጣው መመሪያ፥ ትልልቅ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፥ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆችም በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆነ ሽማግሌዎች እንዳይወድቁ ሚዛን የሚያስጠብቅና ጉልበት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት 3 ቀን ይጨምሩ። መካከለኛ የሚባለውም እየሄዱ መነጋገር የሚቻልበት፥ መዝፈን ግን የማይቻልበት ነው። ደረቱን የሚያመው ሰው ቢኖር ወዲያው ዐርፎ ወደ ሐኪም ይሂድ።

እንግዲህ አስተማሪዎች ሆይ፥ ደስታው ዘግይቶ የሚመጣ ነውና ተማሪውን በመጀመሪያው ቀን አታድክሙት። ሩጫንም ለጥፋት ቅጣት አታድርጉት፤ ልጅ የተቀጣበትን ነገር ሲያድግ ይሸሸዋልና። ይልቁንም በገና ጨዋታና ገመድ በመዝለል አስጀምሩት፤ እናንተም አብራችሁ ተጫወቱ። እናንተም ሽማግሌዎች፥ ከሰፈራችሁ ጓደኛ ይዛችሁ በጠዋቱ ቀዝቃዛ አየር ጥቂት በጥቂት ተራመዱ።